ዓርብ ከሰዓትን ለስምንተኛ ክፍሎች መልሱላቸው

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ከአንድ የመንግሥት መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን ያለችው ጠባብ ሱቅ የእኔ ናት። የመጨረሻ ልጄም እዚያው ስምንተኛ ክፍል ትማራለች። የትምህርት ቤቱን ስም እዚህ አልጠቅስም። ቅሬታዬ በአንድ ውሳኔ ላይ እንጂ በመምህራኑ ላይ አይደለም። ደግሞም ነገ ጠዋት በር ላይ ሰላም እንባባላለን። ለእናንተ ግን ስሙን በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዤዋለሁ። ለምን እንደሆነ እያነበባችሁ ስትሄዱ ትደርሱበታላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፋሲካ በኋላ በሩ ላይ አንዲት ማስታወቂያ ተለጠፈች። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ከዚህ በኋላ በክበባት ሥራ አይሳተፉም ትላለች። ዓርብ ከሰዓት የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች የክበብ ሰዓት ነበሩ። አሁን ለስምንተኛ ክፍል የማጠናከሪያ ትምህርት ሆነዋል። ቅዳሜ ጠዋትም ማጠናከሪያ አለ፤ እሱስ ከመስከረም ጀምሮ ነበር። የተሰጠው ምክንያት አጭር ነው፤ ፈተና ደርሷል። ወላጅ ተሰብስቦ አልተጠየቀም።

ፈተናውን አላቃልልም። ሰኔ ላይ ይሰጣል፣ ወደ ዘጠነኛ ክፍል የሚያሻግረው እሱ ነው። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣም አውቃለሁ። በ2015 ጥቅምት ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ያን ቁጥር የሰማ ወላጅ ሁሉ ደነገጠ። ትልቁ ልጄ ያን ጊዜ ገና ዘጠነኛ ክፍል ነበር፤ እኔ ግን ፈተናው ነገ የሆነ ያህል እንቅልፍ አጣሁ። ድንጋጤው ከአሥራ ሁለተኛ ወደ ስምንተኛ፣ ከስምንተኛ ወደ ስድስተኛ እየወረደ መጣ። አሁን የስድስተኛ ክፍል ልጆች እናቶች እንኳን ቀሚስ ሊያሳጥሩ መጥተው የሚያወሩት ስላለፈው ዓመት የፈተና ወረቀት ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ተመችቶታል።

ግን ብዙ ሰው ክበብ ሲባል ጨዋታ ይመስለዋል። እኔ እዚያ ሰዓት ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ። ምክንያቱም የማይመጣብኝ ክበብ የለም። ቀይ መስቀሎቹ የክንድ ጨርቅ ያሰፋሉ። ኳስ ተጫዋቾቹ ቁጥር ያስለጥፋሉ። የአካባቢ ጥበቃዎቹ ችግኝ የሚሸከሙበት ከረጢት ያስጠግናሉ። ዋጋ ሲከራከሩ ብታዩ! "እትዬ ቀንሺልን፣ የክበብ ብር ነው" ይላሉ። ድሬ ነውና አንቱ ብሎ ነገር የለም። የሚከፍሉኝ ብር ተጣጥፎ ተጣጥፎ ሊቀደድ የደረሰ ነው። ከሳምቡሳ የተረፈ መሆኑ ከሽታው ይታወቃል።

ከሚኒ ሚዲያው ልጀምር። ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ዜና ይነበባል። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ነው። ከተማችን ትምህርት በሦስቱም ይሰጣል፤ ልጁ በየቋንቋው ክፍል ይበተናል። ሰልፉ ላይ ግን ሁሉም አንድ ላይ ቆሞ ሦስቱንም ይሰማል። ድምፅ ማጉያው አሮጌ ነው። ሲያነብም ሲያፏጭም እኔ ሱቅ ድረስ ይሰማል። ዜናው የራሳቸው ጉዳይ ነው። ቧንቧው መቼ እንደተበላሸ፣ የማን ደብተር እንደጠፋ ያነባሉ። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ስለ ሴቶች ሽንት ቤት በር መቀርቀሪያ ማንበብ ጀመረች። ሳትሳደብ፣ ሳትቆጣ፣ በየቀኑ አንድ ዓረፍተ ነገር። "የሴቶች ሽንት ቤት መቀርቀሪያ ዛሬም አልተገጠመም።" ተማሪው ይህን ዜና መጠበቅ ለመደ። በመጨረሻ ተገጠመ፤ እሷም መገጠሙን አነበበች፤ ሰልፉ በጭብጨባ ተናጋ። ይህን ከየትኛው የማጠናከሪያ ወረቀት ትማረዋለች?

የእኔዋ ልጅ ደግሞ ከሶማሊኛ አንባቢዋ ጋር ተጣብቃ ከርማ፣ አሁን ታይዋን ገበያ ስንወርድ በሶማሊኛ ትከራከርልኛለች። ክርና ዚፕ የምገዛው ከዚያ ነው። የክበቡ ጥቅም ኪሴ ድረስ ገብቷል ማለት እችላለሁ።

የሴቶች ኳስ ቡድኑ ዘንድሮ ነው የተቋቋመው። ድሬዳዋ የኳስ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን በዘመኑ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል፣ ያውም ከአንዴ በላይ። አባቴ እዚያው ፋብሪካ ሽመና ክፍል ይሠራ ነበር። ስለ ቡድኑ ማውራት ከጀመረ ምሳው ይቀዘቅዝ ነበር። ሴት ልጅ ኳስ ትመታለች ብትሉት ግን ይስቅባችሁ ነበር። ዘንድሮ ልጆቹ አረንጓዴ መጋረጃ ተሸክመው መጥተው "ከዚህ ሰደርያ አውጪልን" አሉኝ። የማን ቤት መጋረጃ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ቁጥሩን ከነጭ አቡጀዲ ቆርጬ ለጠፍኩላቸው። ረመዳን ላይ ልምምዳቸው ማለዳ ነበር፣ ከሙቀቱ በፊት። የሚጾሙት ውሃ ስለማይጠጡ የማይጾሙትም ልምምዱ እስኪያልቅ አይጠጡም ነበር። ይህን ማንም አላዘዛቸውም። እንደዚህ እንደዚህ እያሉ ለዋንጫ ደረሱ። ጨዋታው ከአረፋ በዓል በኋላ ነው። በማስታወቂያዋ መሠረት ግን በረኛዋና ሁለቱ አጥቂዎች አይሰለፉም፤ ስምንተኛ ክፍል ናቸው። ተጠባባቂዋ በረኛ ልበ ሙሉ ናት፤ ቁመቷ ግን ገና ነው።

ድራማውን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ስለ 1998ቱ ጎርፍ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ስለወሰደበት ጎርፍ። ለማያውቀው አንባቢ ልንገር፤ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገረዋል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ግመል ይነዳበታል። ዝናቡ የሚወርደው እላይ ደጋው ላይ፣ በደንገጎ በኩል ነው። ውሃው ግን መሐል ከተማውን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። እታች ያለው ሰው ዝናቡን ሳያይ ጎርፉ ይደርስበታል።

ከእነዚህ ልጆች አንዳቸውም ያን ጊዜ አልተወለዱም። ስለዚህ ደብተር ይዘው በደቻቱ ዳር ያሉ ሰፈሮችን ዞሩ። ትልልቅ ሰው ጠየቁ። እኔንም ጠየቁኝ። መምህራቸው አንድ ሕግ አውጥቶባቸዋል፤ ከሁለት ሰው ያልተሰማ ነገር ድራማው ውስጥ አይገባም። ይህን ሕግ ጋዜጠኞችም የምታውቁት ይመስለኛል። እኔ ከነገርኳቸው ግማሹ በዚህ ሕግ ወደቀ። ቅር አላለኝም።

ታዲያ ጎርፉን መድረክ ላይ በምን እናሳይ ተባለ። ሰማያዊ ጨርቅ ገበያ ላይ ርካሽ ነበር። ልጆቹ እምቢ አሉ። "አቦ፣ የደቻቱ ጎርፍ መቼ ነው ሰማያዊ ሆኖ የሚያውቀው?" አለ አንዱ። እዚህ ላይ የማኅበራዊ ሳይንስ ክበቡ ገባበት። እነሱ ጥር ላይ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ፖርክ ኤፒክ ዋሻን ጎብኝተው መጥተዋል። ዋሻው ከከተማችን ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ተቆፍሯል፤ በ1970ዎቹም እንደገና ተቆፍሯል። ከውስጡ ከወጡት ነገሮች አንዱ ለቀለም የሚሆን አፈርና ድንጋይ ነው፤ ቀይም ቢጫም አለው። ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል። ዕድሜው 40 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። የሚፈጩበት ድንጋይ ሳይቀር ተገኝቷል። እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚህ ከተማ ነው፤ ይህን የሰማሁት ግን ከልጄ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝና ያስገረመኝ ዕድሜው አይደለም። ሰዎቹ ቀለም ለማግኘት ይህን ያህል መድከማቸው ነው። 

ልጆቹም ደከሙ። ከዋሻው አንዲት ጠጠር እንኳን አልነኩም፤ ክልክል ነው። ሰፈር ውስጥ ለቤት መሠረት ከተቆፈረ ጉድጓድ ቀይ አፈር አመጡ። ወቀጡት። በአሮጌ ነጠላ ነፉት። በዱቄት ሙጫ ለወሱት። ግቢው ውስጥ አቡጀዲ ዘርግተው በመጥረጊያ ቀቡት። ሲደርቅ የወጣው ቀለም ያ የምናውቀው ድፍርስ ውሃ ራሱ ነው። ዳርና ዳሩን እኔ ቀመቀምኩላቸው፣ በነፃ። ሁለት ልጆች ከዚህ፣ ሁለት ልጆች ከዚያ ይዘው ሲያናውጡት ጨርቁ መድረኩን ይሞላል። ልምምዱን ቆመው ያዩት ዘበኛችን ምንም ሳይሉ ወጡ። በማግስቱ ተመልሰው "ድምፁ ይጎድለዋል፤ ድንጋይ ነበር የሚንከባለለው" አሏቸው። አሁን ሁለት ልጆች ከመጋረጃው ጀርባ በቆርቆሮ ላይ ድንጋይ ያንከባልላሉ። ድራማው የሚቀርበው ሰኔ ላይ በወላጆች ቀን ነው። ዋና ዋናዎቹ ተዋንያን ስምንተኛ ክፍል ናቸው። ሰባተኛ ክፍሎቹ ቃሉን በሁለት ሳምንት ያጠኑታል ይባላል። ያጥኑት፤ ግን ሰፈር ዞረው የሰሙት እነሱ አይደሉም።

አሁን ብዕር ወዳስነሳኝ ነገር ልምጣ። ወንድ አንባቢዎች ገጹን እንዳትገልጡ። በትምህርት ቤቱ የሴት ተማሪዎች ክበብ አለ። የወር አበባ ሲመጣ ቤት የምትቀር ልጅ ብዙ ናት። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ በር ላይ የተቀመጠ ሰው ያያል። ሞዴስ ውድ ነው። ሁለትና ሦስት ሴት ልጅ ባለበት ቤት በየወሩ መግዛት የማይታሰብ ነው። ክፍል ውስጥ ቀሚሷ ላይ የታየባት ልጅ ደግሞ በማግስቱ አትመጣም። አንዳንዷ ጨርሶ ትቀራለች።

ኅዳር ላይ የክበቡ ተጠሪ መምህርት ሱቄ መጣች። "የሚታጠብ ሞዴስ መስፋት ታስተምሪልኛለሽ?" አለችኝ። እሺ አልኩ። የእግር ሲንጀር የስፌት መኪና አለኝ፤ መብራት ሲጠፋ የምሠራበት። እሱን ባጃጅ ላይ ጭነን፣ መንገድ ብቻ ማሻገር ቢሆንም፣ ግቢ አስገባን። ከላይ ንጹሕ ጥጥ ጨርቅ፣ በሦስት ድርብ። ከሥር ውሃ የማያሳልፍ። ለዚህ የዣንጥላ ጨርቅ ተጠቀምን። ድሬዳዋ ዣንጥላ ለዝናብ ሳይሆን ለፀሐይ ነው፤ የተሰበረ ዣንጥላ የሌለበት ቤት የለም። ልጆቹ ከየቤቱ ለቅመው ክምር አመጡ። ጎንና ጎኑ ክንፍ ይኖረዋል፤ በቁልፍ ይያያዛል። ሲታጠብ ፀሐይ ላይ መሰጣት አለበት። ይህን ለማሳመን ጊዜ ወሰደብኝ። ሁሉም አልጋ ሥር ደብቀው ለማድረቅ ነበር ያሰቡት። እርጥብ የቆየ ጨርቅ በሽታ ያመጣል፤ የእኛ ከተማ ፀሐይ ደግሞ ነፃ ነው።

አንድ ዓርብ የሆነውን ልንገራችሁ። ጨርቁ ወርዱ 150 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ሜትር ገዝተናል። አንዱ ቁራጭ ከነመስፊያው 30 በ12 ነው። ስንት ይወጣዋል? አንዷ ልጅ ረጅሙን ጎን በጨርቁ ርዝመት አስተኝታ 36 አለች። ሌላዋ ወረቀት ላይ ሥላ፣ ረጅሙን ጎን በወርዱ አስተኝታ 40 አወጣች። ክርክር ተነሳ። በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ሣሉት። የሁለተኛዋ ትክክል ነው። ከአንድ ሜትር የአራት ቁራጭ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ሦስቱ አንድ ሞዴስ ይሆናሉ። ያቺ 40 ያለችው ልጅ በሒሳብ ደካማ ናት ተብላ የምትታወቅ ናት። ዛሬ በዚያ ሰዓት ላይ ቁጭ ብላ የምትማረው ሒሳብ ነው። ሒሳብ የገባት ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር።

በነገራችን ላይ ወንዶችም መጡ። አንዱ የስፌት መኪናውን ቀበቶ ሊጠግን ገብቶ ቀረ። ቀጥ አድርጎ በመስፋት ከሴቶቹ በልጧል። ጓደኞቹ ትንሽ ቀለዱበት፤ እሱ የዚያን ሳምንት የራሱን ሱሪ ቀምቅሞ ሲመጣ ዝም አሉ። አንዱማ የራሱን ሱሪ ይዞ መጣ።

የልጄ ጓደኛ በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን ትቀር ነበር። ከታኅሣሥ ወዲህ በዚህ ምክንያት ቀርታ አታውቅም። ክፍል ውስጥ ያልተቀመጠች ልጅ ማጠናከሪያ ምኗን ያጠናክርላታል? የዚህ ክበብ ነገር እንዲገባችሁ ዕድሜያቸውን አስቡት። ስምንተኛ ክፍል ማለት አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ዓመት ነው። ሞዴሱ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልጋቸው ለእነሱ ነው። ሰባተኛ ክፍሎቹን የሚያስተምሩትም እነሱ ነበሩ። እኔ ሱቅ ትቼ በየሳምንቱ መግባት አልችልም። ባለፈው ዓርብ ጊዜ አግኝቼ ብገባ፣ ሦስት ሰባተኛ ክፍሎች መኪናው ዙሪያ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። መርፌ ተሰብሯል። መለዋወጫ አለ፤ ማስገባት የሚችል የለም። የሚችሉት ግድግዳው ማዶ "አንድ ለ፣ ሁለት ሐ፣ ሦስት ሀ" እያሉ መልስ ይገለብጣሉ። የሁለት ክፍል ልጅ አንድ ክፍል ተጠቅጥቋል፤ ቆርቆሮው ይነድዳል። መምህሩም ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል። በዚያ ሰዓት፣ በግንቦት ሙቀት፣ ምን እንደሚገባቸው ልጆቹን ጠይቁ።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሰባተኛና ስምንተኛን ለብቻ አውጥቶ መካከለኛ ደረጃ ብሏቸዋል። የልጄን መጽሐፎች አገላብጬ አይቻለሁ። ክወናና የእይታ ጥበባት አለ። የሙያና ቴክኒክ ትምህርት አለ። ሁለቱም ድሮ እኛ ስንማር በዚህ መልክ አልነበሩም። ድራማው ምንድን ነው? ስፌቱስ? መጽሐፉ የሚለውን ልጆቹ ዓርብ ዓርብ በእጃቸው እየሠሩት ነበር።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ይቀጥል፤ ልጄን ራሴ ነኝ ቀስቅሼ የምልካት። ከዓርቡ ሁለት ክፍለ ጊዜ አንዱ ለክበብ ይመለስ። እሱም ቢሆን እስከ ፈተናው ሳምንት ድረስ ብቻ። ያ ካልሆነ ቢያንስ ሦስት ነገር ይለቀቅ፤ የዋንጫው ጨዋታ፣ ድራማውና የሴቶቹ ስፌት። ስምንተኛ ክፍሎቹ ሥራቸውን ለሰባተኛዎቹ አስረክበው ይውጡ። አሁን በድንገት ተነጥቀው ነው የወጡት፤ መርፌ እንዴት እንደሚቀየር እንኳን ሳያሳዩ። ይህን በወላጅ መምህር ኅብረቱ ስብሰባ ላይ ተናግሬያለሁ። "እናያለን" ተብያለሁ።

ስለ ወላጆች ቀንም አንድ ነገር ልበል፣ የደብዳቤዬ ዋና ጉዳይ ባይሆንም። አምና ሁለት ሰዓት ተብሎ የተጠራ ፕሮግራም አራት ሰዓት ተኩል ተጀመረ። የክብር እንግዳ እየተጠበቀ ነው። ልጆቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። እንግዳው ሲመጡ ንግግር፣ ከንግግር በኋላ ሌላ ንግግር። ድራማና መዝሙር የተጀመረው ሰው ወደ ጥላ ሲበተን ነው። ግቢው ውስጥ ሦስት የድሬዳዋ ዛፎች አሉ። ሰሞኑን ቀይ አበባቸውን አፍስሰው መሬቱን አልብሰውታል፤ ጥላቸው ሰፊ ነው። መድረኩን እዚያ ሥር ማድረግ ምን ይከብዳል? እንግዳው ከዘገዩም ይዘግዩ፤ ልጆቹ ይጀምሩ። ንግግሩ ቢያልፍ የሚጎዳ ሰው የለም።

ሽልማቱም ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ለወጡት ብቻ ነው። ይገባቸዋል፣ ይሸለሙ። ዘንድሮ ግን የወላጅ ኮሚቴው ደብተርና እስክሪብቶ ሲገዛ ጥቂት ጨምሮ ይግዛ። መቀርቀሪያውን ያስገጠመችው ልጅ ስሟ ይጠራ። በረኛዋ ትጠራ። 40 ያለችው ልጅ ትጠራ። ጨርቁን ከእኔ ሱቅ እናገኛለን፤ ለእነዚህ ልጆች ትንሽ የደብተር ቦርሳ ከቁርጥራጭ ሰፍቼ እሰጣለሁ። አምስቱን ጀምሬአቸዋለሁ።

ወደ እናንተ ስመጣ፣ ቅር አይበላችሁና፣ ትምህርት ቤት ጋዜጣችሁ ላይ የሚወጣው ውጤት ሲለጠፍና ሪባን ሲቆረጥ ነው። የተሰጠው ኮምፒውተር ፎቶ ይወጣል፤ ልጁ ምን እንደሠራበት አይወጣም። የአዲስ አበባዎቹ ትልልቅ ትምህርት ቤቶች አንዳንዴ ይወጣሉ። ስለ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ልጅ ግን ማንም አይጽፍም። ሕፃን አይደሉም፣ ወጣትም አልሆኑም፤ መሐል ላይ ቀርተዋል። በሳምንት ግማሽ ገጽ ስጧቸው። ራሳቸው ይጽፋሉ። የሚኒ ሚዲያዎቹ ልጆች ዜና መጻፍ ለምደዋል፤ ከሁለት ሰው መስማትንም ከድራማው ተምረዋል። የእኛ ብቻ አይሁን፤ የሐረሩም፣ የጅግጅጋውም፣ የአሰበ ተፈሪውም ይግባ።

እስከዚያው አንድ ሰው ላኩልን። የትምህርት ቤቱ ስምና የእኔ ስልክ በተያያዘው ወረቀት ላይ አለ። የወላጆች ቀን ቁርጥ ያለ ቀኑ ሲታወቅ እደውልላችኋለሁ። የሚመጣው ሰው ሪፖርተር ብቻ ከሚሆን ፎቶ አንሺም ቢሆን እመርጣለሁ፤ ጎርፉ ሲናወጥ በቃል አይነገርም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይድረስ። ቁርስ ፈጢራ እኔ እጋብዛለሁ። ዣንጥላ ይዞ ይምጣ፤ ከተሰበረበት ደግሞ አይጣለው፣ ለእኛ ይተውልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እናት፣ ልብስ ሰፊ
ድሬዳዋ